ስኮርታ

ነርሷ በልጅቱ ጉሮሮ በገባው የመተንፈሻ ቱቦ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ፊኛ በሲሪንጅ አስተነፈሰቻት። ከአልጋው ግርጌ የቆመው ጎሚስታ ጆሮውን ቀሰረ።

«ሲስተር፣ አየር እያፈሰሰ ነው።»

«ከየት?»

«ከልጄ አንገት በኩል።»

ሃያ ዓመት ጎማ ሲጠግን ኖሯል፤ ቀዳዳን ሳያየው በጆሮው ያገኘዋል። ነርሷ ግን አልደነገጠችም፤ ዶክተሯን ጠራች። ዶክተሯ ማዳመጫውን የልጅቱ ጉሮሮ ላይ አሳርፋ ቆየችና ለአባትየው ሰጠችው። ማሽኑ አየር በገፋ ቁጥር ስስ ፉጨት ይሰማል።

«አንተ የምትደፍነውን እኛ ሦስት ቀን ስንለምነው ነበር» አለችው ነርሷ።

ዶክተሯ አስረዳችው። የአራት ዓመቷ ልጁ ጉሮሮ አብጦ ቱቦውን አንቆት ነበር። አሁን ፊኛዋ ስትተነፍስ በዙሪያው አየር ካለፈ እብጠቱ ጎድሏል ማለት ነው። ልጅቱ ነቅታለች፤ አክታ ሲመጠጥላት አጥብቃ ትስላለች። ቱቦው ዛሬ ቢወጣ ይሻላል።

ቱቦው ከሦስት ቀን በፊትም ወጥቶ ነበር። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሯ ጠቆረና መልሰው ከተቱት። ያኔ ጎሚስታው ልጁን ትቶ ሮጦ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ሚስቱ በቀዶ ጥገና ወልዳ ታችኛው ፎቅ ተኝታለች። ነገ ተደግፌም ቢሆን እመጣለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካካት ብላ አስምላዋለች።

«ነገ ቢሆንስ፣ ዶክተር?»

«ይቻላል። ግን ቱቦው ባደረ ቁጥር ሳንባዋ ሌላ በሽታ ሊይዘው ይችላል። ዛሬ ደግሞ የማደንዘዣ ሐኪሙ አጠገቤ አለ። እኔ ዛሬን እመርጣለሁ።»

«እንደ ፊተኛው ቢሆንስ?»

«ሊሆን ይችላል። አልዋሽዎትም።»

አልጋው አጠገብ የተሰናዳውን የዕቃ ትሪ አየት አደረገ።

«ስኮርታ አለ?»

ዶክተሯ አልገባትም። ነርሷ ሳቀች። «መጠባበቂያ ጎማ ማለቱ ነው።» ከትሪው ላይ በላስቲክ የታሸገ ቱቦ አንስታ ሰጠችው። «ይኸው፣ ወንድሜ። ከፊተኛው ቀጠን ያለ።»

ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። እሽጉን ዙሪያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ አልተቀደደም። መለሰላት።

ለሚስቱ ደወለ። ሰላምታ አላስቀደመም።

«ዛሬ ይወጣል። ነገ አንልም።»

እሷም እንደ ባለፈው ትተሃት ልትወጣ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው።

«አልወጣም» አላት።

ነርሷ እንደ ደንቡ እንዲወጣ በሩን አሳየችው። እሱ ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። የጥፍሩ ጥቁረት የሃያ ዓመት ነውና አልለቀቀም። ተመልሶ ከልጁ ራስጌ ቆመ። ቱቦውን እንዳትነቅል እጆቿ በፋሻ ከአልጋው ጋር ታስረዋል።

«እኔ እይዛታለሁ» አለና ፋሻውን ፈታ።