ሦስት ጊዜ የዞረ ክር

ዐርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአራተኛ ቢ ክፍል ከኋላው ግድግዳ ጋር በተገጣጠሙ ዴስኮች ላይ ሠላሳ አራት ድልድዮች ተደርድረው ነበር። ከእያንዳንዱ ሥር የልጁ ስም ያለበት ቁራጭ ወረቀት ተቀምጧል፤ ከስሙ አጠገብ ከሃያ የተሰጠው ውጤት በእርሳስ ተጽፏል። መምህርት ፍቅርአዲስ ውጤት መጀመሪያ በእርሳስ ነው የምትጽፈው። በእስክሪብቶ የምታጸናው ለሁለተኛ ጊዜ ካየችው በኋላ ነው። አሁን ሁለተኛውን ዙር ጀምራለች። ነገ ቅዳሜ ወላጆች ካርድ ሊወስዱ ስለሚመጡ፣ ውጤቱ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ለአቶ አካሉ መድረስ አለበት።

አብዛኞቹ ድልድዮች ያማሩ ነበሩ። ከስቴኪኒና ከካርቶን ተሠርተዋል፤ ከሥራቸው ከሰማያዊ ፌስታል የተቆረጠ ወንዝ ያልፋል፤ ግራና ቀኛቸው በነጭ ክር የታሰረ መደገፊያ አለው። ለእነዚህ ከዐሥራ ሰባት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ሰጥታለች። ጥግ ላይ ያለው የሲፋን ድልድይ ግን ከባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሠራ ነው። ወደ አንድ ጎኑ አዘምሟል። እግሮቹን የያዘው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ወንዝ የሚባል ነገር የለውም። ዘጠኝ አግኝቷል።

ያ ዘጠኝ ፍቅርአዲስን ከጠዋት ጀምሮ ሲከነክናት ነው የዋለው። በዚህ ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጣ ልጅ ቀጣዩን ወሰነ ትምህርት ያለ ክፍያ ይማራል። ሲፋን እስካሁን የተማረችው በዚሁ ዕድል ነው። ፍቅርአዲስ ደምራ አይታዋለች፤ ዘጠኙ ከጸና ልጅቷ አምስተኛ ትወጣለች፣ ቤተሰቧም መክፈል አይችልም።

ስለዚህ አንድ ነጥብ እንኳ የሚያስጨምር ነገር ካገኘች ብላ ድልድዩን አንስታ ገለበጠችው። ጭራሮዎቹ በቃጫ ተጠፍረዋል። ቃጫው ሦስት ጊዜ ይዞርና ጫፉ ተመልሶ ከሦስተኛው ዙር ሥር ይገባል። ቋጠሮው ጠባብ ነው፤ በጥፍሯ ልትፈታው ሞከረች፣ እምቢ አላት።

ይህን ቋጠሮ ከአሥር ደቂቃ በፊት አይታዋለች።

ከሳይንስ ሳጥኑ አጉሊ መነጽር አውጥታ ወደ ያማሩት ሄደች። የመጀመሪያው መደገፊያ ላይ ክሩ ሦስት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ከሥር ገብቷል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ከመስመሩ መጨረሻ ስትደርስ ሃያ ሁለት ድልድዮች በአንድ ዓይነት ቋጠሮ ታስረው አገኘች። ሰማያዊው ፌስታልም ቢሆን ከአንድ ጥቅል የወጣ ነው፤ በሦስቱ ላይ የተቆራረጠ የአንድ ሱቅ ጽሑፍ ይታያል።

ሲፋን የዕለቱ ተረኛ ስለነበረች ክፍሉን እየጠረገች ነው።

«ሲፋን፣ እስቲ ነይ። ይሄን ቋጠሮ ማን አሳየሽ?»

«እማዬ።»

«ድልድዩንስ ማን ሠራው?»

ልጅቷ መጥረጊያውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «እኔ። እማዬ አልነካችውም። የኔን አትነካም።»

ፍቅርአዲስ የሌሎቹን ድልድዮች ነገር ስትጠይቃት ሲፋን የተጠረገውን ወለል እንደገና መጥረግ ጀመረች። መምህርቷም ልጅን በእናቷ ላይ ማስመስከር ደስ ስላላላት ተወችው። ወረቀቶቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

የሲፋንን እናት ሙሉነሽን በደንብ ታውቃታለች፤ ቢያንስ የምታውቃት ይመስላት ነበር። ፍቅርአዲስ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የዕለቱን የክፍል ሥራና የቤት ሥራ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ትለጥፋለች። ታማም፣ መብራት ጠፍቶም ዘላው አታውቅም። አንዳንዱ ወላጅ ሲመሽ «ቲቸር፣ ዛሬ የቤት ሥራ አለ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ሙሉነሽ ግን ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድማ «እሺ ቲቸር፣ እናመሰግናለን» ትላለች። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ፍቅርአዲስ ልጃቸውን የሚከታተሉ ወላጅ ማለት እሳቸው ናቸው ብላ አስጨብጭባላታለች።

ጽሑፉ ፌስታሉ ላይ የታየው የአቶ ሕሩይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከትምህርት ቤቱ በታች፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፎቶ ኮፒ እያነሱ ነበር። ፍቅርአዲስ በሩን ሳታልፍ አዩዋት።

«ድልድይ ከሆነ አልቋል» አሉ። «አንድ እሳተ ገሞራ ቀርቶኛል፤ እሱ ግን የአምስተኛ ክፍል ነው።»

«ጋሼ ሕሩይ፣ ድልድይ እንደምፈልግ በምን አወቁ?»

«አንቺ የአራተኛዋ አይደለሽ? ስልኬን የምታስጮኺው አንቺ ነሽ እኮ። አሥር ሰዓት ላይ ትለጥፊያለሽ፣ ሩብ ሳይሞላ እናቶቹ ይደውላሉ። እንደው የኔ ልጅ፣ ሐሙስ የምታዢውን ማክሰኞ ብትነግሪኝ ምን አለበት? ሠሪዋ አንድ ሰው ናት፣ ፋብሪካ አይደለችም።»

ፍቅርአዲስ ሳትፈልግ ሳቀች። ልጆቹ የገዙትን የራሳቸው ሥራ አስመስለው ሲያመጡ አለመታወቁ ገርሟት ነበርና ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ቀላል ነው አሉ። አንዳንድ እናት ልጁ የሠራው እንዲመስል ትንሽ ይበላሽልኝ ብላ ታዛለች።

«እሺ ብዬ ለሠሪዋ ነገርኳት» አሉ። «ማበላሸት አልችልም አለች። በእጄ አበላሽቼ አላውቅም፣ ከፈለጉ ወስደው ራሳቸው ያበላሹት አለች። እኔው በጉልበቴ ተጭኜ አጣመምኩላቸው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማን ናት ብለሽ ግን እንዳትጠይቂኝ። እንጀራዋ ነው።»

አልጠይቅዎትም አለቻቸው። መጠየቅም አላስፈለጋትም።

የሙሉነሽ ቤት ከቀበና ወንዝ ማዶ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው የእግር መንገድ ላይ ነው። ሲፋን ቀድማ ደርሳ ኖሮ በሩ ክፍት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ካለው አንድ ጠረጴዛ ላይ በከፊል ቀለም የተቀባ እሳተ ገሞራ፣ የስቴኪኒ ፓኮዎችና የኮላ ጠርሙስ አሉ። ሙሉነሽ ጣቶቿን በጨርቅ ጠርጋ ተነሣች።

«ይግቡ ቲቸር። ሲፋን፣ ኮቱ፣ ነይ፣ ወንበር አምጪ።» ወንበሩ ሲመጣ ልጅቷን ለስላሳ እንድትገዛ ላከቻት። ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጠበቀች። ጠረጴዛውን ለመሸፈን አልሞከረችም።

«የሲፋን እናት፣ ልቆጣ አይደለም የመጣሁት» አለች ፍቅርአዲስ። «አንድ ነገር አልገባኝ ብሎኝ ነው። ለሃያ ሁለት ልጅ ሠርተው ለራስዎ ልጅ እንዴት አልሠሩላትም?»

«እነዚያ ድልድይ ነው ያዘዙኝ። እሷ ድልድይ አላዘዘችኝም። ጭራሮ ይዛ መጥታ እንዴት ይታሰራል አለችኝ፣ አሳየኋት። ከሠራሁላትማ ምኑን ተማረችው?»

«ያገኘችው እኮ ዘጠኝ ነው።»

ሙሉነሽ ዘጠኝ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ያለ ክፍያ የሚያስተምረውን ደብዳቤ በየወሰነ ትምህርቱ ከቢሮ የምትቀበለው እሷ ናት። አንድ ስቴኪኒ አንሥታ ለሁለት ሰበረችና አስቀመጠችው።

«ዘጠኝ ከሆነ ዘጠኝ ነው» አለች በመጨረሻ። «አሁን እዚህ መጥተው ቤቴን አይተው ዐሥራ ስምንት ቢያደርጉላት፣ እሷም ገዛች ማለት ነው።»

ፍቅርአዲስ ዳገቱን ስትወጣ እንዲያ ማድረግን አስባ ነበር። ወሬ ለመቀየር ያህል፣ የተሸጡት ድልድዮች በእውነት ያምራሉ አለች።

«ያምራሉ» አለች ሙሉነሽ። «አይሸከሙም እንጂ።» ከአልጋው ሥር ለናሙና ያስቀረችውን ድልድይ አወጣችና መሃሉን በአንድ ጣቷ ተጫነችው። ካርቶኑ እጥፍ ብሎ የፌስታሉ ወንዝ ውስጥ ገባ። «ቲቸር፣ እርስዎ የለጠፉት እኔ ጋ አለ።» ስልኳን ከፍታ ቀስ ብላ አነበበች። «ለጽዳትና ለውበት አሥር። ለቀለም አምስት። በሰዓቱ ለማስረከብ አምስት። ሰው ያሻግራል ወይ የሚል የለበትም። እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት።»

ፍቅርአዲስ ስልኩን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። የራሷ ጽሑፍ ነው። ወላጆች ነጥቡ ለምን ለምን እንደሚሰጥ ግልጽ አይደለም ብለው ስላጉረመረሙ፣ በቀላሉ የሚታየውን መርጣ የጻፈችው ነው።

«ቋጠሮውንስ ከየት ተማሩት?»

«ከአባቴ። እዚህ ሁሉ ቤት ሳይሠራ በፊት የኛ ማሳ ነበር። የአጥር ቋጠሮ ነው። ላም ስትደገፈው ይጠብቃል እንጂ አይላላም።»

ፍቅርአዲስ ሥራውን ልጆቹ ሰኞ ክፍል ውስጥ እንደገና ቢሠሩት ምን ይመስልዎታል ብላ ጠየቀች። ሙሉነሽ እሳተ ገሞራውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«በአራተኛ በኩል እንጀራዬ ተዘጋ ማለት ነዋ» አለች። «ይሁን። አምስተኛ አለ። ብቻ የአምስተኛው መምህር እንደ እርስዎ አይደለም፤ ሲለጥፍ ሁሌ መሽቶበት ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። የሙሉነሽ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

ፍቅርአዲስ በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ለሰኞ ሠላሳ አራት እስር ጭራሮ ያዘጋጁልኛል? እኔ ነኝ የምገዛዎት።»

«ጭራሮ ብቻ?»

«ጭራሮ ብቻ። ሳይታሰር።»

ቁልቁል እየወረደች ለአቶ አካሉ ደወለች። የድልድዩ ውጤት ሰኞ ካልሆነ አይደርስም አለችው። እሱም ነገ የሚመጣው ወላጅ ጎደሎ ካርድ አይቀበልም፣ ይህን የምታስረዳቸው አንቺ ነሽ፣ እኔ ከጎንሽ አልቆምም አላት። እሺ አለችው።

ከወንዙ ድልድይ አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ከፈተች። አሥር ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ግሩፑ ውስጥ ሁለት ወላጆች ቲቸር ዛሬ ምን ሆነች ብለው ጠይቀዋል። መጀመሪያ «አንዳንድ ወላጆች የልጆቻቸውን ሥራ እየገዙ» ብላ ጀመረች። አየችውና አጠፋችው። ከዚያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ውድ ወላጆች፣ የድልድዩ ውጤት ለሁሉም ተሰርዟል። ስህተቱ የመመዘኛው ነው፤ መመዘኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለውበት ነጥብ ሰጥቼ ለጥንካሬ አልሰጠሁም። ሰኞ ልጆቹ ክፍል ውስጥ እንደገና ይሠራሉ። ጭራሮና ቃጫ እኔ አቀርባለሁ፤ ከቤት የሚመጣ ነገር የለም። አንድ ኪሎ ጨው ለአንድ ደቂቃ የሚሸከም ድልድይ ከዐሥራ አምስት ነጥብ በላይ ያገኛል።»

ቦርሳዋ ውስጥ ያሉትን ሠላሳ አራት ቁራጭ ወረቀቶች አወጣችና በላጲስ አንድ በአንድ ውጤቱን አጠፋች። የሲፋንንም ዘጠኝ አጠፋች።

የመጀመሪያው መልስ የወይዘሮ የማርያምወርቅ ነበር። ልጃቸው ያመጣው ድልድይ ከሃያ ሁለቱ አንዱ ነው፤ ወደ ግራ በጉልበት የተጣመመው።

«ቲቸር፣ ይሄ ፍትሕ አይደለም። የኔ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ነው ያደረው።»

ፍቅርአዲስ «እንግዲያው ሰኞ አይከብደውም» ብላ መለሰች።

ከዚያ ሙሉነሽ ጻፈች፦ «እሺ ቲቸር፣ እናመሰግናለን።»

ቅዳሜ ፍቅርአዲስ በወላጆች ፊት ቆማ ያንኑ ደገመችው። ጥቂቶች ተቆጡ፤ አንድ አባት ቢያንስ የስቴኪኒው ወጪ ቀረልን አለ። ሙሉነሽ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር።

ሰኞ ሠላሳ አራቱም ልጆች ሠሩ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቃጫው በሁሉም እጅ እየተንሸራተተ ይፈታ ነበር። በኋላ ከሲፋን ጎን ያለው ልጅ እንዴት ነው ያሰርሽው አላት፣ አሳየችው። ጥቂት ቆይቶ ጠረጴዛዋ ዙሪያ ልጆች ተሰለፉ፤ ፍቅርአዲስ ወደ ቦታችሁ አላለቻቸውም።

የሲፋን ድልድይ ጨው ሲጫንበት መሃሉ ሁለት ሳንቲሜትር ጎበጠ፣ ግን ደቂቃውን ጨረሰ። ዐሥራ ስድስት አገኘች፤ በድምሩ ሦስተኛ ወጣች። ጨዉን የተሸከሙት ድልድዮች በጠቅላላው ዐሥራ ሦስት ነበሩ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ፍቅርአዲስ ዐሥራ ሦስቱን እየገለበጠች በአጉሊ መነጽሩ አየቻቸው። ከእነሱ የዘጠኙ ቃጫ ሦስት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ከሥር ገብቷል።