አንገት ያለው ሚስማር

«አንተ ነህ ከተማ ገባ የተባለው?» አሉት አንድ ሽማግሌ፣ የሻይ ብርጭቆውን ከትሪው ላይ እያነሡ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«አባትህ እኮ...» ብለው ጀመሩና ሻዩን ፉት አሉ። ሻዩ ትኩስ ነበርና ምላሳቸውን አቃጠላቸው፤ ነገራቸውም እዚያው ላይ ቀረ።

የአናጺው ልጅ ሻዩን በልቡ አመሰገነው። ከትናንት ጀምሮ «አባትህ እኮ» ብሎ የጀመረ ሁሉ የሚጨርሰው አንድ ቦታ ነበር፦ አባትህ እኮ አንተ ከሄድክ ወዲህ ሰው አልሆነም። አንዱ በሐዘን ይለዋል፣ ሌላው በወቀሳ፣ ሌላው ደግሞ የሚለው ስላጣ ብቻ። እሱ ትሪውን ይዞ ወደሚቀጥለው አግዳሚ ያልፋል። አግዳሚዎቹን የሠራው አባቱ ነው። ለሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ሲያውሳቸው ኖሮ ዛሬ ለራሱ ተዘረጉ። ልጁ አላለቀሰም። ማልቀስ ይቅርና ጥርሱን ከጥርሱ ማላቀቅ አቅቶት ነበር።

«ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በል» ብሎ በስልክ የጠራው አጎቱ ነው፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም። ከአውቶቡስ ወርዶ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ የጫማውን አፈር እያራገፈ ነበር።

«መንገድ ላይ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው» አለው አጎቱ።

«ተሳክቶልዎታል፣ ጋሼ» አለ ልጁ። «ሳልደነግጥ ደረስኩ።»

ባዶውን ትሪ ይዞ ወደ ጓዳ ሲመለስ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሴቶች ቆመው ይንሾካሾኩ ነበር። አንደኛዋ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ነች።

«ያ ነው በሩ?»

«ያ ነው። በገዛ እጁ ነው የቸነከረው።»

«ወይ ጉድ። ልጁ በሕይወት እያለ?»

«ልጁ ሲሄድ ነዋ። ቆርጬብሃለሁ ማለቱ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

እሱን ሲያዩ ከበሩ ፈቀቅ አሉ። ልብስ ሰፊዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይዞህ፣ የኔ ልጅ» አለችው። እሱም ፊቱን ከበሩ አዙሮ አለፈ። ከመጣ ጀምሮ በዚያ ኮሪደር ያለፈው ሁሉ ፊቱን አዙሮ ነበር። በዓይኑ ጥግ የሚያየው ሁለት ጣውላ በበሩ ላይ ተጋድሞ ብቻ ነው። የእሱ ክፍል ነበር፤ ከቤቱና ከአባቱ የእንጨት ሥራ ቤት መካከል ያለ ጠባብ ክፍል። እዚያ ሲተኛ ትራሱ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይሸት ነበር።

አባቱ ወሬ የሚያበዛ ሰው አልነበረም። ምክንያትም ነበረው፤ አፉ ሁልጊዜ ሚስማር ይዟል። በከንፈሩ ደርድሮ ይይዝና አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። ልጁ «አባዬ፣ ይኼ እንጨት ምን ይባላል?» ሲለው «እም» ይላል። «አባዬ፣ እራት ደርሷል» ሲለውም «እም» ይላል። እናቱ «እንጋባ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ እሱ እም ነው ያለው» እያለች እንግዳ ታስቅ ነበር።

አፉን ባዶ አድርጎ የተናገረው ነገር ግን አይረሳም። አንድ ጊዜ ልጁ የቁም ሳጥን ማዕዘን ኮላው እስኪደርቅ ድረስ ደግፎ የሚይዝ ጣውላ ምታ ተብሎ ታዘዘ። ልጅ ነበርና ጉልበቱን ሊያሳይ ሚስማሩን ድምጥማጡ እስኪጠፋ መታው። አባቱ በአፉ የያዘውን መዳፉ ላይ ተፋ።

«ይኼ ጣውላ የሚነቀል ነው ወይስ የማይነቀል?»

«የሚነቀል ነው።»

«ታዲያ ሚስማሩን ለምን ቀበርከው? የሚቀበረው ለዘለቄታው የሚመታ ነው። ለጊዜው የሚመታ ሚስማር አንገት ይኖረዋል። አንገቱን ከእንጨቱ በላይ ተውለት። አለዚያ ነገ በምን ልትይዘው ነው?»

ከዚያም ሚስማሮቹን ወደ አፉ መለሰና ጨዋታው አለቀ።

ልጁ ጎልምሶ የእጅ ሥራ ሲያውቅ ሰው ተገጣጣሚ ዕቃ መግዛት ጀመረ። ደንበኛ ቀነሰ። «አባዬ፣ እኛም ችፑድ እናምጣ» አለው። አባቱ መላጊያውን አስቀመጠ።

«ችፑድ እንጨት አይደለም። በኮላ የታሸ ዱቄት ነው። እኔ ዳቦ ጋጋሪ አይደለሁም።»

«እንግዲያው እኔ ሄጄ ልጋግር።»

«እም» አለ አባቱ። አፉ ውስጥ ግን ምንም አልነበረም።

ሻንጣውን ይዞ በእንጨት ሥራው በኩል ሲያልፍ አባቱ ቀና አላለም። ሂድ አላለውም፤ ቅርም አላለውም። መላጊያው ብቻ ወዲያና ወዲህ ሲል ልጁ እስከ መንገዱ ጥግ ይሰማው ነበር።

ከተማው ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። አውቶቡስ ጣቢያው ላይ የወረደው ሁሉ ስሙ እየተጠራ፣ እየተሳመ፣ ሻንጣውን እየተቀበሉት ሲሄድ እሱ አፈረ። እናም ቆሞ ሰው የሚጠብቅ መሰለ። ሰዓቱን ያያል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ምነው ቀሩ እንደሚል ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ጣቢያው ጭር ሲል ነው ከቦታው የተንቀሳቀሰው።

ክፍል ያከራየችው ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ብታመም ማን ያየኛል ብለህ አላሰብክም?»

«አልታመምም።»

ታመመ። ትኩሳቱ ሲብስበት ጎረቤቱ ይሰማው እንደሆነ ብሎ ግድግዳውን በጡጫ መታ። ጎረቤቱም ከወዲያ መልሶ መታና «ሥዕሉን ነገ ብትሰቅለው አይደርስም?» ብሎ ጮኸ። ልጁ በትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ለማንም ግድግዳ አልመታም። እንዴት ብቻውን እንደሚታመም፣ እንዴት ብቻውን እንደሚበላ፣ እሑድን እንዴት በእንቅልፍ እንደሚገድል ለመደ።

ሥራ ያገኘው ተገጣጣሚ ቁም ሳጥን የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። አዲስ ገቢ ነውና አለቃው «አዲሱ» ብሎ ጠራው። ከእሱ በኋላ ሌሎች ገቡ፣ የገቡትም ወጡ፤ እሱ ግን አዲሱ እንደሆነ ቀረ። ስሙ የመሰላቸውም ነበሩ። ችፑድ ሚስማር አይይዝም፤ ቢመቱት ይፈረፈራል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ብሎን ሲያጠብቅ ይውላል። ከቤት ይዞት የመጣው መዶሻ ከአልጋው ሥር ዛገ።

አንድ ቀን የሰፈራቸው ሰው የሆነ የጭነት መኪና ሹፌር ዕቃ ሊያደርስ መጥቶ እዚያው ሥራ ቦታ አገኘው።

«አትቀየመኝና ወንድሜ፣ አባትህ ክፍልህን ቸንክሮታል» አለው።

«እንዴት ቸነከረው?»

«በሩ ላይ ጣውላ አጋድሞ በሚስማር መታው። ያየሁትን ነው የምነግርህ። በሰላም የተሸኘ ልጅ በሩ እንዲህ አይደረግም።»

ልጁ ካቻቪቱን እንደያዘ «ደግ አደረገ» አለ። «እኔም ካልከፈተው ቤቱን አልረግጠውም።»

አልረገጠውም። እናቱ ስትደውል «ሥራ በዛብኝ» ይላል። አንድ ጊዜ «ይኸው አባትህ፣ አናግረው» ብላ ስልኩን ለአባቱ ሰጠች።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«እም።»

«ሥራስ እንዴት ነው?»

«እም።»

ከዚያ የመዶሻ ድምፅ ተሰማው። ልጁ ስልኩን ጠረቀመው። ጆሮው ላይ የዘጋበት አባቱ ይመስል ለሦስት ዓመት ተቀይሞ ኖረ።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል አጎቱ ኮሪደሩ ላይ ጠራው። እጁን የተቸነከረው በር ላይ አድርጎ ነበር።

«አንተ እንግዲህ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ» አለው። «ቤቱ የአባታችን ቤት ነው፤ የእኔም ድርሻ እንዳለበት ታውቃለህ። ይኼን ክፍል የሚፈልግ ተከራይ አለ። ነገ ሊያየው ይመጣል።»

«አፈሩ ሳይደርቅ?»

«አፈር ቢደርቅም ባይደርቅም ሰው ይበላል። ለእናትህም ይሆናታል። ደግሞ የእጅ ባለሙያ ቤት ውስጥ እያለ ሰው መጥራት ነውር ነው። ንቀልልኝ።»

«እነቅልልዎታለሁ» አለ ልጁ። እንዲያውም ደስ አለው። የሚሰብረው ነገር አጥቶ ነበር የዋለው።

ከእንጨት ሥራው የአባቱን መዶሻ አመጣ። እጀታው በአባቱ መዳፍ ልክ ተቦርቡሮ ነበር፤ ያም አናደደው። በሩን በጣውላው ጭምር ሊፈልጠው፣ የተቀበሩትን ሚስማሮች ከነሥጋቸው ሊያወጣቸው ነው የመጣው። የመዶሻውን ጥፍር አዙሮ እንጨቱን ሊበሳ ሰነዘረ። ጥፍሩ ግን እንጨት አላገኘም። ከሚስማሩ ራስ ሥር ሰተት ብሎ ገባ።

ልጁ ቆመ።

ሚስማሩ አንገት ነበረው። ጎንበስ ብሎ ቀጣዩን አየ። እሱም አንገት ነበረው። ከላይ ያሉትን፣ ከታች ያሉትን በጣቱ ዳሰሳቸው። አንድም የተቀበረ የለም። ሁሉም ቀጥ ብለው፣ እኩል ሆነው፣ ራሳቸውን ከጣውላው በላይ አድርገው ቆመዋል።

«እማዬ» ብሎ ተጣራ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

እናቱ ከጓዳ ወጣች።

«አባዬ ይኼን ሲመታ ምን አለ?»

«ምን ይላል እሱ፣ አፉ ሚስማር ሞልቶ» አለች። ወደ አጎቱ በዓይኗ አመለከተች። «ጋሼህ ያን ጊዜም ክፍሉን ላከራየው ብሎ ነበር። እሱ ሳይመልስለት ተነሥቶ ሄዶ ጣውላ አመጣ። እኔ በንዴት መስሎኝ... ልጄን እንደ ሞተ ቆጠረብኝ ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩት። ምን ሆነሃል? ምን አየህ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን ልንገርህ? የተቸነከረ በር ነው።»

እውነቷን ነው። ሹፌሩም ምን ያውቃል፤ የእሱ ሥራ መሪ ማሽከርከር ነው። ልብስ ሰፊዋም የምታውቀው መርፌ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ የተቸነከረ በር የተቸነከረ በር ነው። ይኼን ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሳያይ ማለ፣ መጥቶም ፊቱን አዙሮ አለፈ።

ንዴቱ ግን አልበረደም። ባሰበት። እሺ፣ እኔ አላየሁም። አንተስ? ስልኩ ጆሮህ ላይ ነበር። አንዷን ሚስማር ከአፍህ አውጥተህ «ና» ማለት ምን ያስከፍልህ ነበር? ሰው ለልጁ በሚስማር ይናገራል? ልጁስ ሳይመጣ ቢቀር? ይኸው ቀረ። ይኸው አፈር ከተራገፈ በኋላ ደረሰ። በቡጢ ጣውላውን መታው። ከወዲያ የሚመልስለት አልነበረም።

«ምን ገተረህ?» አለ አጎቱ። «ንቀለው እንጂ።»

ልጁ መሬት ላይ ስባሪ ጣውላ ፈልጎ አገኘ። በሩ እንዳይሰረጎድ ከመዶሻው ሥር አደረገውና ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ሳባቸው። ሳያጉረመርሙ ወጡ። እጁ በሥራ ተይዞ ነበርና ማስቀመጫ ስላጣ በከንፈሩ ያዛቸው።

በሩን ገፋው። ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ አቧራ እንዳይገባው በላስቲክ ተጠምጥሞ፣ በአባቱ ቋጠሮ ታስሮ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሌላ ምንም የለም። ልጁ አልገባም። በሩን መልሶ ዘጋው። ጣውላዎቹን አንሥቶ እንደነበሩት አጋደማቸው፤ የድሮውን ቀዳዳ በጣቱ ፈለገ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አጎቱ ክንዱን ያዘው። «ተከራዩ ነገ ነው የሚመጣው እኮ። አንተ ልጅ፣ ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም? እሱን ብቻ ቁርጡን ንገረኝ።»

ልጁ ዞር ብሎ አየው። አፉ በሚስማር ተሞልቷል። ዝገቱ ምላሱ ላይ መረረው።

«እም» አለ።

አጎቱ ክንዱን ለቀቀው። እናቱ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች።

ከዚያ መዶሻው ጮኸ። ግቢው ውስጥ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ፤ አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ በልማድ ወደ እንጨት ሥራው ዞሩ። ልጁ በቁጣ ነው የሚመታው። ከንፈሩ ላይ ያሉት እያነሱ፣ ዓይኑ እየፈዘዘበት፣ አንዳንዱን ምት ጣቱ ላይ እያሳረፈ መታ። የመጨረሻው ሚስማር ላይ ክንዱ ሊቀብረው ፈለገ። አንድ ምት ይበቃው ነበር። መዶሻውን ከፍ አደረገና ሳይመታ ቀስ ብሎ አወረደው።

የጣቱን ጫፍ ከሚስማሩ ራስ ሥር አስጠግቶ አንገቱን ለካ።