ያልነበረው ቁስል

«እጇን ለማን ሰጠች?»

አበሩ ልጇን ጡት አስይዛ የለቅሶ ቤቱ ፍራሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ንፍሮ ይቆረጥሙ የነበሩት ሴቶች ወደ እሷ ዞሩ። ቬንቲላተሩ ብቻ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ የሁሉንም ነጠላ በየተራ ያነሳል፤ ይጥላል።

«አንቺን እኮ ነው» አሉ ወይዘሮ ዝማሬ። «አብረሻት የኖርሽው አንቺ ነሽ። የእናታችን እጅ ነው፤ እንዲሁ አፈር አይገባም። ለማን ሰጠች? ብረቱንስ የት አስቀመጠችው?»

አበሩ ዓይኗን ወደ ሕጻኑ ጭንቅላት መለሰች።

ወይዘሮ ዝማሬ የሟቿ ታናሽ እህት ናቸው። መርዶውን ሰምተው ከድሬዳዋ በባቡር ለቀብሩ ደረሱ፤ ከቀብር መልስ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የእህታቸውን ሣጥን ሲያገላብጡ ዋሉ። ብረት የሚሉት ጫፉ የተቆለመመ፣ ከማንኪያ እጀታ የቀጠነ ነገር ነው። እናታቸው በዚያ ብረት የስንቱን የባቡር ሠራተኛ ልጅ እንጥል ቆርጠዋል። እሳቸው ሲያርፉ እጁና ብረቱ ወደ ታላቂቱ ልጅ፣ ወደ ዓለምነሽ አለፈ። ዓለምነሽም ባላቸውን ተከትለው ጅቡቲ ገቡ፤ ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር ውስጥ «እማማ ዓለም» እየተባሉ አረጁ። ጡት አልይዝ ያለ፣ ያሳለ፣ ትኩሳት የነካው፣ ሲያለቅስ ያደረ ሕጻን ሁሉ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ የሚመጣው ወደዚህ ቤት ነበር።

«እኔ አራቱንም ያስቆረጥኩት እዚህ ነው» አለች ማይሙና። ማይሙና ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት፤ ሶማሌ ብትሆንም አማርኛውን ከእማማ ዓለም ጋር ስትጨቃጨቅ ለምዳዋለች። በቋንቋዋ «አዬዮ» ትላቸው ነበር፤ አያቴ ማለት ነው። «አዬዮ ስትቆርጥ ልጁ እንኳ አያውቅም። አንድም አልሞተብኝ፤ አንድም አልከሳብኝ።»

«እጃቸው ቀላል ነበር» አለች ከጎኗ ያለችው ለቀስተኛ። «የእህቴ ልጅ ይኸው ጡት እምቢ ብሏል። እንግዲህ ወዴት ይኬዳል? ባልባላ ሰፈር ያለችው ቆራጭ ሴትዮ ጋ እንውሰደው እንጂ።»

«አታቆዩት» አሉ ወይዘሮ ዝማሬ። «እንጥል ከፈነዳ ልጅ አይተርፍም።»

አበሩ ልጇን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው።

አበሩ ወደዚህ ቤት የመጣችው ለመኖር አልነበረም። ከወሎ ተነስታ ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክም የመን ልትሻገር ነበር። ሆዷ መግፋቱን ያዩ ደላሎች «አንቺ ለጀልባ አትሆኚም» ብለው ከተማው ውስጥ ጥለዋት ሄዱ። እማማ ዓለም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣ አገኟት።

«ልብስ ማጠብ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ግቢ። መጀመሪያ ግን ብዪ።»

ሩፋኤል ሲወለድ ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ልጁ ጀንበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ለቅሶውን ይጀምራል። ስታጠባው ያለቅሳል፤ ስትነጥለው ያለቅሳል። ድንገት ጸጥ ሲል ደግሞ አበሩ ትደነግጥና ጣቷን አፍንጫው ሥር አድርጋ ትንፋሹን ትፈልጋለች። «ወተቴ አንሶታል እማማ፤ የዱቄት ወተት እንግዛለት» እያለች ትለምናቸው ነበር።

«ወተት የሚጠራው የሚጠባ ልጅ ነው» ይሏታል። «በዱቄት ካጠገብሽው ጡትሽን ማን ይጥራው?»

አንድ ሰሞን ጉንፋን ያዘውና አፍንጫው ተደፈነ። ጡቱን ይይዝና ይለቃል፤ ይይዝና ይለቃል። አበሩ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«የሰውን ልጅ ሁሉ እየቆረጡ የኔን ምነው ዝም አሉት? ወገን ስለሌለኝ ነው?»

እማማ ዓለም ትክ ብለው አይተዋት ቆዩ። ከዚያ ልጁን ተቀብለዋት ጓዳ ገቡ። ሕጻኑ አንዴ ተናነቀውና ጮኸ። ሲመለሱ በእጃቸው የቀላ ጥጥ ይዘው ነበር። አበሩ ጥጡን አይታ አለቀሰች፤ እፎይም አለች።

ትእዛዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ቁስሉ እስኪሽር ከጡት በቀር ምንም በአፉ እንዳይገባ። ውሃ ቢሉሽ፣ ስኳር ቢሉሽ፣ ቅቤ ቢሉሽ፣ አብሽ ቢሉሽ እንዳትሰሚ፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። ቶሎ ቶሎ አጥቢው፤ ቁስል የሚያጥበው ወተት ነው። ከጠባ በኋላ ደረትሽ ላይ ቀና አድርገሽ ያዢው። ሲተነፍስ የጎኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይ ትኩሳቱ እምቢ ካለ ግን ሐኪም ቤት ሮጠሽ ቁስሉን አሳዪ።»

አበሩ ትእዛዙን እንደ ጾም ጠበቀችው። ልጁ ዳነ።

ከለቅሶ ቤቱ ጓሮ፣ ወንዶቹ ከተቀመጡበት ድንኳን፣ የካርታ ጨዋታው ድምፅ ጠፍቶ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ደጉ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ።

«ወይዘሮ ዝማሬ፣ ድንኳኑ ባዶ ሆነ ብለው እንዳይቀየሙ። ወንዶቹ ዘመድ ሊጠይቁ ብቅ ብለው ነው፤ ይመለሳሉ።»

«ጫቱ ገባ ማለት ነው» አለች ማይሙና። «ዘመድየው በፌስታል ታስሮ ነው የሚመጣው።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ወይዘሮ ዝማሬ እንኳ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አበሩ ግን አልሳቀችም። ሐሳቧ ጓዳው ውስጥ ነበር።

ሩፋኤል ከዳነ በኋላ እማማ ዓለም ዓይናቸው ደከመና አንድ ቀን ሕጻን እንድትይዝላቸው ወደ ጓዳ ጠሯት። እናትየዋ እንደ ወትሮው በር ላይ እንድትጠብቅ ተደረገ። እማማ ዓለም የማንኪያ እጀታ በጨርቅ ጠቅልለው የሕጻኑን የምላስ ሥር ነካ አደረጉት። ልጁ ተናነቀው፤ ጮኸ። ከዚያ ከጣሳ ውስጥ ጥጥ አወጡ። ጥጡ ቀድሞም ቀይ ነበር። አበሩ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ሰው ሁሉ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ የሚጠጣው የከርከዴ አበባ ነው።

እናትየዋ ከሄደች በኋላ አበሩ አፈጠጠችባቸው። «የኔንም ልጅ እንዲህ ነው ያታለሉት?»

«አንቺን እንጂ እሱንማ አላታለልኩትም። እሱ ወተቱን ጠጣ» ብለው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ሳሉ ሲበርድላቸው ፊታቸው ከበደ። «አልቆርጥም ብዬ ነበር እኮ። አልቆርጥም ስላቸው ሌላ ጋ ወስደው አስቆረጡ። ለአራስ ልጅ ውሃ አትስጡ ስላቸው ‹በጅቡቲ ሙቀት?› ብለው ሳቁብኝ። ቁስል አለ ካልኳቸው ግን የምላቸውን ሁሉ ይሰማሉ። ሰው ላልቆሰለ ልጅ አይጠነቀቅም፣ ልጄ።»

«ብረቱስ?»

«ወረወርኩት፤ ባሕር በላው።»

አሁን ፍራሹ ላይ ሆና አበሩ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያት። እማማ ዓለም በሕይወት እያሉ ውሸቱ ልጅ ያድን ነበር። አሁን እሳቸው የሉም፤ ውሸታቸው ብቻ ቀርቷል። እነዚህ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ያዳናቸው ብረት ነው ብለው ያምናሉ፤ በዚያ እምነታቸው ባልባላ ይሄዳሉ። ባልባላ ያለው ብረት ደግሞ የእውነት ይቆርጣል።

አቶ ደጉ ከበሩ አልሄዱም። «ደግሞ ይቺ ልጅ… እማማ ዓለምን ነው የምትፈልገው። አልሰማችም» አሉና ዞር አሉ።

ከኋላቸው አንዲት ወጣት ሕጻን ታቅፋ ቆማለች። ሻሿ በላብ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል። ዓይኗ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል። ፍራሹን፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ የንፍሮውን ሳህን አየች።

«ሞቱ?» አለች።

«ሙንተሃ እባላለሁ» አለች ቀጥላ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ከባልባላ ነው በሚኒባስ የመጣሁት። አልጠባም አለ። አማቴ እሰፈራችን ያለችው ትቁረጠው አለችኝ፤ እኔ ፈራሁ። እዚህ ያሉት እጃቸው ቀላል ነው ሲሉኝ…» እንባዋ ወረደ። ለሟቿ ይሁን ለልጇ አይለይም።

«አታልቅሺ» አሉ ወይዘሮ ዝማሬ። «ይቺ አብራት ስትሠራ የኖረች ናት፤ አይታለች። ተነሽ አበሩ። የእህቴ ቤት የመጣ ልጅ እንዲሁ አይመለስም።»

አበሩ ሩፋኤልን ፍራሹ ላይ አስተኝታ ተነሳች። ጓዳ ውስጥ ከርከዴ አለ፤ ጥጥም አለ። የማንኪያው እጀታ የት እንደሆነ ታውቃለች። የሙንተሃ ልጅ ዛሬ በዚያ ይተርፍ ይሆናል። ያቺ ለቀስተኛ ያለችው የእህቷ ልጅስ? ከእሱ በኋላ የሚመጣውስ?

ሕጻኑን ተቀብላ ልብሱን ገለጠች። ጎኑን እያየች ትንፋሹን ጠበቀች፤ ሥጋው ወደ ውስጥ አይሳብም። ግንባሩ ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም። አፍንጫው ግን ድፍን ብሏል።

«አልቆርጥም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «አልቆርጥም። እማማ ዓለምም አይቆርጡም ነበር።»

«ምን አልሽ?»

አበሩ ተናገረች። ስለ ጥጡ፣ ስለ ከርከዴው፣ ባሕር ስለበላው ብረት። ስለ ቁስሉም፤ እናቶች ውሃውንና ቅቤውን እንዲተዉ ብቻ የተፈጠረ፣ በማንም ልጅ ጉሮሮ ውስጥ ያልነበረ ቁስል መሆኑን።

«እንጀራዋን በልተሽ» አሉ ወይዘሮ ዝማሬ፣ «ሬሳዋ ሳይቀዘቅዝ፣ በለቅሶዋ ቤት ስሟን ታጠፊያለሽ?»

«ስማቸው አይጠፋም እትዬ። ልጆቹ አሉ። እት ማይሙና፣ እስቲ ሰብሪናን ጥሪያት።»

ሰብሪና የማይሙና የመጨረሻ ልጅ ናት፤ በር ላይ ትጫወት ነበር። «አፍሽን ክፈቺ» ተባለች፤ ከፈተች። ማይሙና «ይቺ ልጅ ሐዘኑ አዙሯታል» እያለች፣ እየሳቀች የስልኳን መብራት አበራች። አጎነበሰች። ሳቋ ቆመ። ተቆረጠ የተባለው እንጥል ከልጅቷ ጉሮሮ በላይ፣ እንደ ትንሽ የወይን ፍሬ ተንጠልጥሏል።

ሌላዋ ሴት ወደ ጓሮ ሮጣ ልጇን እየጎተተች አመጣች። አንዷ በስልክ ታበራለች፤ አንዷ «ሰፋ አድርገህ!» ትላለች። የለቅሶው ቤት በተከፈተ አፍ ተሞላ።

ማይሙና መብራቷን አጠፋች።

«ያን ጥጥ እጄ ላይ አስቀምጣልኛለች እኮ» አለች ቀስ ብላ። «አልቅሻለሁ። ዓይን ዓይኔን እያየች።»

«ልጆችሽ ግን ደኅና ናቸው» አለች አበሩ።

«ደኅና ናቸው። እኔስ? እኔን ምን አድርጋ ቆጠረችኝ? ግድግዳችን አንድ፣ ምግባችን አንድ! ለኔ እንኳ አትነግረኝም?»

የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ሌሎቹም ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተከተሏት። አንዷ በሩ ላይ «ነፍስ ይማር» አለች፤ አበሩን ግን አላየቻትም።

ወይዘሮ ዝማሬ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«መቼ ነው ያቆመችው?» አሉ።

«ከአንድ ልጅ ሞት በኋላ ነው ብለውኛል። የማን ልጅ እንደሆነ አልነገሩኝም።»

«የኔ ነው» አሉ ወይዘሮ ዝማሬ። «ዓለምሰገድ ይባላል። ከስሟ ጋር እንዲገጥም ነው ያወጣሁለት። እሷው ናት የቆረጠችው፤ ደሙ አልቆም አለ። እጇ ንጹሕ ነው፣ ያለ እግዜር ፈቃድ አልሆነም እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። እሷ ለካ ከሱ በኋላ…» የነጠላቸውን ጫፍ ጨበጡ። «አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረኝ።»

የሙንተሃ ልጅ እያለቀሰ ነው። አበሩ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨው አስነክታ አመጣች፤ በየአፍንጫው ቀዳዳ ጠብ አደረገችና በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ ጠረገችው። አስነጠሰው። ሙንተሃ ጡቷን ወደ ማንኪያ አለበች፤ አበሩም ወተቱን ከንፈሩ ላይ በጥቂት በጥቂቱ አቀመሰችው። ላሰ። ደግሞ ላሰ። ወደ ጡቷ ሲመለስ ይዞ ለቀቀ፤ ከዚያ ያዘና አልለቀቀም።

«ውሃ ሰጥተሽዋል?»

«በስኳር» አለች ሙንተሃ አቀርቅራ። «በዚህ ሙቀት ይጠማዋል ብዬ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ጡት ብቻ። ቁስል ስላለበት አይደለም፤ ሕጻን ስለሆነ ነው። ለአማትሽም እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብሬሽ እሄዳለሁ። ብትፈሪም እንሄዳለን፤ እኔም እፈራለሁ።»

ሙንተሃ ራሷን ነቀነቀች፤ ሲነቀነቅ የነበረው ራሷ በዚያው ወደ ደረቷ ወደቀ። ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ወይዘሮ ዝማሬ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው። እሷ ትተኛ።»

ልጁን ተቀብለው ደረታቸው ላይ ቀና አድርገው ያዙት። አገጫቸውን አናቱ ላይ አሳረፉ። የዘቀዘቁትን ነጠላ ከትከሻቸው ሳብ አድርገው የቬንቲላተሩ ነፋስ እንዳይነካው ጀርባውን ሸፈኑት፤ ቀስ እያሉም መታ መታ ያደርጉት ጀመር።

በማግስቱ ሙንተሃ ከጤና ጣቢያው ልጇን ይዛ ወደ ባልባላ ተመለሰች። ሰልስቱ ወጣ፤ ድንኳኑም ተነቀለ። የድሬዳዋው ባቡር ሄደ። ማይሙና ከዚያ ቀን ወዲያ ደጁን አልረገጠችም፤ ወይዘሮ ዝማሬ ግን አልሄዱም።