የክረምት ጓዝ

እናቴ ዘይነት ከድሬዳዋ ባሕር ዳር የመጣችው ለሁለት ሳምንት ነው። እኔ ግን ላስቀራት ቆርጬ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ እሷ መሳቀቅ ሰልችቶኛል። ፔዳ አካባቢ በተከራየሁት ቤት የቁም ሳጥኔን ግማሽ ባዶ አድርጌ ጠበቅኳት። እሷ ልብሷን እንደመጣ በሸራ ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ በሩ ሥር አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ ፍቺው እንጂ!»

«ክረምት ሊገባ ሲል ጓዙን የሚፈታ ጅል ነው።»

የድሬዳዋን ዝናብ የማያውቅ ይህ አይገባውም። ወራት ሙሉ ይናፈቃል። ሲመጣ ግን ተራራው ላይ ይዘንብና፣ እኛ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ጎርፍ ሆኖ ከች ይላል። አንድ ዓመት የእናቴን ሱቅ ከነዕቃው ጠርጎባታል። ከዚያ ወዲህ ደመና ካየች እንቅልፍ የላትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ በግንቦት ሙቀት፣ ጎረቤታችን እትዬ አገርነሽ የዓመት በርበሬዋን ግቢው ውስጥ አስጥታ ትቀነጥሳለች። እናቴ በር ላይ ቆማ ወደ ደቡብ ታያለች። ከከተማው ማዶ ሰማዩ ጠቁሯል፤ በእኛ አናት ላይ ግን ፀሐይዋ ታቃጥላለች።

«ጎርፍ!» ብላ ጮኸች። «ተነሱ! ፎቅ ውጡ!»

ፎቅ ያለችው አከራያችን ጀምሮ የተወውን ነው። እኔ በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ አገርነሽ ሳቀች።

«ኧረ እማማ፣ የምን ጎርፍ አመጡብኝ? ደግሞስ በርበሬዬን ለማን ጥዬ እወጣለሁ?»

«ይዘሽው ነዋ!»

በምን ይያዝ? እኔ ጆንያ ስፈልግ እናቴ ጓዟን አልጋዬ ላይ ዘርግፋ ሸራውን ይዛ መጣች። በርበሬውን እየዛቅን፣ እያስነጠስን፣ ሸራውን ለሦስት ተሸክመን ወጣን።

ደረጃው ላይ ሳለን ዝናቡ ወረደ። ምን ዓይነት ዝናብ! መብራት ጠፋ፤ ያጠብኩት ልብስ ከገመዱ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ተነከረ፤ ሳሎኔም እንደ አምናው ማፍሰሱ አይቀርም። ቢሆንም ያ ሁሉ ሙቀት ድንገት ሲበርድ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ፊቴን ለዝናቡ ሰጥቼ እንደ ልጅ ሳቅኩ።

«ዳንሁ!» አለች እትዬ አገርነሽ፣ እናቴን እያገላበጠች እየሳመች። «ዓመቱን በአልጫ መክረሜ ነበር!»

እናቴ ግን መንገዱን አፍጥጣ ጎርፉን ትጠብቃለች። ዝናቡ አባራ። ቦዩ ሞልቶ እየተንዶቆዶቀ ወደ ታች ሄደ፤ ሌላ የመጣ ነገር የለም።

«ይሄ ሁሉ ውሃ የት ገባ?» አለችኝ።

ከዛፎቹ ወዲያ በጣቴ አሳየኋት። ጣና ምንም እንዳልተፈጠረ ተኝቷል።

«ሁሉንም ዋጠው?»

«ሁሉንም።»

ሐይቁን ትክ ብላ አየችው። ትከሻዋ ሲላላ አየሁ።

«ሸራዎትን ነገ አጥቤ አመጣለሁ፣ እማማ» አለች እትዬ አገርነሽ።

«አንቺው ያዢው፤ ክረምቱ ገና ነው» አለቻት እናቴ። ወደ እኔ ዞረች። «ሱምያ፣ ያ ቁም ሳጥን አሁንም ባዶ ነው?»