«አለ» የሚለው ሰርቨር

የልጅነት ጓደኛዬና የሥራ ባልደረባዬ አንሙት ከሞተ ከወር በኋላ የአሮጌውን ሰርቨር ገመድ የነቀልሁት በገዛ እጄ ነው። ደብረ ማርቆስ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን፣ ማሽኑን አጥፍቼ አቧራ እንዳይበላው በጆንያ ሸፈንሁት፤ በምትኩም አዲስ ተከልሁ። በማግስቱ ጠዋት የሰርቨሮቹን ሪፖርት ስከፍት ግን፣ በነቀልሁት ሰርቨር አድራሻ ላይ፦ «10.10.0.4 — አለ» ይላል።

ሪፖርቱን የምታወጣው አንሙት ራሱ የጻፋት ስክሪፕት፣ ትንሽ ፕሮግራም ናት። በየሰዓቱ እየሠሩ ያሉትን ሰርቨሮች የኔትወርክ አድራሻ ለቅማ አንድ ፋይል ላይ ታሰፍርና፣ የእያንዳንዱን አድራሻ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ትፈልጋለች። ካገኘች «አለ»፣ ካጣች «የለም» ትላለች። ቃሉን ያመጣው ደብረ ወርቅ አብረን ከተማርንበት የቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ስም ሲጠሩ፣ የቀረውን ልጅ ጓደኛው «አለ» ብሎ ከአለንጋ ያድነው ነበር።

ሳምንት ሙሉ «አለ» አለችኝ። ጆንያውን ገልጬ አየሁ፤ ገመዱ መሬት ላይ ነው። ባልደረባዬ ሰገነት ጠበል ልርጭበት ብትል «ሌሎቹንም ልትገድያቸው ነው?» ብዬ ቀለድሁ። ሪፖርቱን ግን ቶሎ ዘጋሁት፤ ስለ አንሙት ለመጨረሻ ጊዜ «አለ» ያልሁት እኔ ነኝና።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት አንሙት ሳያስፈቅድ አምበር ወደ እናቱ ዝክር ሄደ። እንደ ልማዳችን እሸፍንሃለሁ አልሁት። ረፋድ ላይ እናቱ ወለተ ኪዳን ቢሮ ደወሉ።

«ደርቤ፣ አንሙት ይመጣል ብዬ ብጠብቅ ቀረብኝ፤ ከሥራ ነው?»

ኃላፊያችን አጠገቤ ቆሞ ነበር። «አለ እማማ፣ ሥራ ላይ ነው» አልሁ።

በማግስቱ ከመንደራቸው በታች ወንዙ ዳር ሞቶ አገኙት። ደራሽ ውሃ ወስዶ እግሩን ሰብሮታል። ሐኪሙ እስከ ገብርኤል ዕለት ማታ ድረስ በሕይወት ሳይቆይ አልቀረም አለ።

በአርባው ዋዜማ ስክሪፕቷን መስመር በመስመር አነበብሁ። ጥፋቷ ቀላል ነው። የምትፈልገው ጽሑፍ መጨረሻው ላይ ወሰን አልተበጀለትም፤ ስለዚህ 10.10.0.4ን ስትፈልግ 10.10.0.40ንም አገኘሁ ትላለች። 40 ደግሞ እኔ የተከልሁት አዲሱ ሰርቨር ነው። ለሞተው «አለ» እያለ የሚመልሰው እሱ ነበር።

አድራሻው የት እንደሚያልቅ የሚያሳየውን ምልክት ጨምሬ አስኬድኋት። «10.10.0.4 — የለም።» ያን ጊዜ ተንሰቅስቄ አለቀስሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ አርባ ቀን ፈጀ። ያንኑ ስልክ አንሥቼ ደወልሁ።

«እማማ፣ ያን ቀን ሥራ ላይ አልነበረም። ዋሽቼዎት ነው።»

ከጀርባቸው ለተዝካሩ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ይሰማኛል።

«ያን ቀን ውሻችን ወደ ወንዙ እየሮጠ ሲጮኽ ዋለ» አሉ በመጨረሻ። «ለዝክሩ የመጡት ጎረምሶች ወርደን እንይ ብለው ተነሥተው ነበር። የጠፋ ሰው የለንም፣ አንሙትም ከሥራው ነው፣ ደርቤ ነግሮኛል ብዬ አስቀመጥኋቸው።»