አሥራ ሰባተኛው መስመር

የታሪክ መምህራችንን «ጋሽ ማስረጃ» እንላቸው ነበር፤ «ማስረጃሽስ?» ሳይሉ የሚያልፉት ነገር የለማ። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ «ከቤታችሁ ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ከወረቀት ጋር አመሳክሩ» ብለው የቤት ሥራ ሰጡን።

እኔ አክስቴን ጠየቅኋት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማረችውም እኛው ትምህርት ቤት ነው።

«ክፍል ውስጥ ስንት ነበራችሁ?»

«አርባ አንድ» አለች፣ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም።

ከመሳቢያዋ ያወጣሁት የክፍል ፎቶ ላይ ግን አርባ ሁለት ሆኑብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው።

«ዳር የቆመችው ማናት?»

መኪናው ቆመ። «አላውቃትም» አለችና ፎቶውን ተቀበለችኝ።

በማግስቱ ከሰዓት የትምህርት ቤታችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ የድሮ ዶሴ የሚከማችበትን ክፍል ከፈተችልኝና ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ፎቶው የተነሣበትን ዓመት የስም መጥሪያ አገኘሁ። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ የነበረው ስም በምላጭ ተፍቋል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ ስይዘው ብዕሩ የተጫነበት ቦታ ጥላ ሠራ። ፊደል በፊደል ለቀምኩና ስሟን ከነአባቷ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«አቤት!» አለች አንዲት ልጅ ከጀርባዬ።

ዞር አልኩ። ከመደርደሪያ በቀር ምንም የለም። መዝገቡን እንኳ ሳልዘጋ ወጣሁ።

ቤት ደርሼ ስሟን ስናገር አክስቴ ከቆመችበት ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ከክፍል መጥተው ወሰዷት» አለች። «የታጠቁ ሰዎች ናቸው። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ስሟን ፋቁና ‹ከዛሬ ጀምሮ አርባ አንድ ናችሁ› አሉን። ከዚያ ወዲያ መምህሩ ስም ሲጠሩ፣ ከአሥራ ስድስት ወደ አሥራ ስምንት ሲያልፉ፣ መሃል ላይ ድምፅዋ ‹አቤት› ይላል። ሁላችንም እንሰማዋለን። ግን እርስ በርስ እንኳ ተንፍሰን አናውቅም።»

«እኔም ዛሬ ሰምቼዋለሁ» አልኳት። እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችኝ።

የጻፍኩትን ጋሽ ማስረጃ አንብበው የክፍሉን በር ዘጉ። «ይኼ የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም፤ ዕድሜ ይበላል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዩኒቨርሲቲም የገባሁት ታሪክ ለማጥናት፣ ቤተ መዛግብትም የተቀጠርኩት የተወሰዱ ሰዎችን ስም ለማሰባሰብ ነው። የልጅቷን እናት ለማግኘት ብቻ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። ሌላ ከተማ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። አክስቴ «ብቻሽን አትሄጂም» ብላ ተከትላኝ መጣች።

«በሕይወት አለች?» አሉኝ እናትየው ገና ሳልቀመጥ።

«አላውቅም፣ እማማ። እስካሁን አላገኘሁም።»

አክስቴ በሩ ላይ እንደቆመች፣ «እኔ አብሬያት ተምሬያለሁ» አለች። «ስሟን ሲፍቁ ዝም አልኩ።»

አሮጊቷ አልጋው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አሏት። «ከቤት ውጭ እንዴት እንደነበረች እኔ አላውቅም። ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን ትስቅ ነበር?»

«በጣም እንጂ!» አለች አክስቴ፣ እንባዋ እየወረደ። «የመምህሩን አረማመድ እያስመሰለች እኛንም ታስቀን ነበር።» እኔ ደብተሬን አወጣሁ።