ገንፎ ከመርፌው በፊት

ኤልሮኢ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ተንጋልላ እግሯን ታወዛውዛለች። ደስ ብሏታል። የሄደችበት ክሊኒክ ሁሉ ሕመሟን ሲሰማ "አንቺንስ ማደንዘዣ አንወጋም" እያለ ሲመልሳት ከርሞ፣ አዲሱ ገበያ ያለው ዶክተር ፊሊሞን ብቻ የነርቭ ሐኪሟን ደውሎ አማከረና "ነይ" አላት። ለፋሲካ ከኳየሩ ፊት ቆማ ለብቻዋ የምትዘምረው መዝሙር አለ፤ በዚህ በሚጠዘጥዝ መንጋጋ ግን አንድ ስንኝ አይወጣትም።

ክሊኒኮቹን ያስፈራው ሕመሟ ግን ሌላ ነው። ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡት የሰውነቷ ጥቃቅን ክፍሎች፣ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት፣ ሥራቸውን በቅጡ አይሠሩም። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ያልቃል። የኳየሩ ልጆች "ባትሪ" ይሏታል፤ እሷም "ቻርጅ ላይ ነኝ" ትላቸዋለች።

ዶክተሩ መርፌውን አነሣ። "ቁርስ ምን በላሽ?"

"ጾም ጸሎት ይዘናል!" አሉ እናቷ ወይዘሮ ደሳለች፣ በኩራት። "እሷም፣ እኔም፣ የሰፈሩ ኅብረት በሙሉ! ጥርሷ ሳይወጣ እህል የሚቀምስ የለም።"

ዶክተሩ መርፌውን መልሶ አስቀመጠው።

"እማዬ፣ እርስዎ ይጹሙ። እሷ ግን ባዶ ሆዷን ጉልበት ከየት ታመጣለች? ማደንዘዣው ራሱ እነዚያን ደካማ ክፍሎች ሊጫናቸው ይችላል። ሳትበላ አልወጋትም።"

የኤልሮኢ እግር ቀጥ አለ። "እርስዎም ሊመልሱኝ ነው?"

"ወደ ቁርስ ቤት ነው የምመልስሽ። ገንፎ በልተሽ ነይ፤ እጠብቅሻለሁ።"

ቁርስ ቤቱ እዚያው ከክሊኒኩ ሥር ነው። ወይዘሮ ደሳለች ማንኪያውን ቀምተው ልጃቸውን ማጉረስ ጀመሩ። ቅቤው ይሸታል፤ ኤልሮኢ በጎረሰች ቁጥር የእሳቸውም አፍ አብሮ ይከፈታል።

"እማ፣ አንቺም ቅመሺ።"

"ቃል ገብቻለሁ አልኩሽ!"

"አፍሽ ግን ተከፍቷል።"

"እየጸለይኩ ነው፤ ዋጪ!"

ኤልሮኢ በሳቅ ልትታነቅ ደረሰች።

ሲመለሱ ዶክተሩ ጣቷ ላይ የልብ ምት መቁጠሪያ ሰካላት። ከመድኃኒቱ ጥቂት ወጋ፤ ቆየ፤ ደግሞ ጥቂት ጨመረ።

"ልብሽ እንዴት ነው?"

"ይመታል።"

"ይበርታ።"

ቀስ በቀስ ከንፈሯ የሌላ ሰው ከንፈር ሆነባት። በጣቷ ነካችው፤ ምንም የለም። ደስ አላት፤ ስትስቅ አፏ ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

"ኢየሱስ! ፊቷ ወደቀ!" እናቷ ከመቀመጫቸው ዘለሉ።

"ማደንዘዣው ነው እማዬ፤ ይመለሳል።"

ጥርሱ ትንሽ ታገለና ወጣ። ኤልሮኢ ጥጡን ነክሳ መዝሙሯን ልትሞክር ብትል ድምፁ ከአረፋ ጋር ወጣ፤ ዶክተሩ ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

"ሙሉ በሙሉ ወጥቷል?" አሉ ወይዘሮ ደሳለች።

"ከነሥሩ።"

ስልካቸው ቀድሞ ጆሯቸው ላይ ነበር። "ወጣ! ብሉ! ሁላችሁም ብሉ!" ከወዲያኛው ጫፍ እልልታው ክሊኒኩን ሞላው። እሳቸው ግን እስኪያበቃ አልጠበቁም፤ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ ገንፎው ደረጃውን ይወርዱ ነበር። ባትሪዋ ልጃቸውም፣ አፏ እንደዘመመ፣ ከኋላቸው እየሳቀች።